ቆመው የሚጫወቱትን ጌም ለሚገዙና ለሚሸጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ልጆቹ ሶፋ ላይ ተጋድመው ከሚውሉ፣ ተነስተው እየዘለሉ የሚጫወቱት ጌም የላችሁም?» ሻጩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ያወርዳል። የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ያገለገለ ዊ የሚባል ጌም ማሽን ወይም ኪኔክት የሚባል የጌም ካሜራ ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲሰካው ወይ ቻርጀሩ ይቃጠላል፣ ወይ ማሽኑ «ወደ ኋላ ራቁ» እያለ ሰዎቹን ግድግዳ ያስደግፋቸዋል። ከዚያ «ይሄ ነገር እዚህ አገር አይሠራም» ይባልና ዕቃው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። እኛ ደግሞ ይሠራል እንላለን፤ ችግሩ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ቤት እንደሚሆን ሻጭና ገዢ አለመጠያየቃቸው ነው። ጌም ማሽን በመጠገንና በመሸጥ የምናውቀውን ብናካፍል ለክረምቱ ገበያ ይጠቅማል ብለን ጻፍን። ዓመተ ምሕረቶቹ የኛው ነው ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የውጭው ፉክክር እንዴት እንደሄደ፤ ምክንያቱም እዚህ በርካሽ የሚመጣው ዕቃ እዚያ የተሸነፈው ነው። ሶኒ በ2003 አይቶይ የምትባል ካሜራ ለፕሌይስቴሽን 2 አውጥቶ ነበር። ገበያውን የገለበጠው ግን በ2006 መጨረሻ የመጣው ኒንቴንዶ ዊ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በዚያው ወር በ499 እና በ599 ዶላር ሲቀርብ ዊ በ250 ዶላር ቀረበ። ጉልበቱ ከተፎካካሪዎቹ ያነሰ ነበር፤ የአሜሪካው ማሽን ምስልም ከ480 መስመር አያልፍም። ሆኖም አያትም የልጅ ልጅም እጁን አወዛውዞ ቴኒስ መጫወት ስለቻለ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሌሎቹ መልስ እስኪሰጡ አራት ዓመት ፈጀባቸው። በመስከረም 2010 ሶኒ ጫፉ ላይ የሚበራ ኳስ ያለውን ጆይስቲክ፣ ሙቭን አመጣ፤ በኅዳር ማይክሮሶፍት ምንም ነገር በእጅ የማያስይዘውን ኪኔክት ለኤክስቦክስ 360 ማሽኑ አወጣ። ኪኔክት በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ተብሎ የጊነስ ክብረ ወሰን ተመዘገበለት። ሙቭ በሁለት ወር ገደማ 4.1 ሚሊዮን ተባለ፤ ይህ ግን ለሱቆች የተላከው ነው እንጂ ሰው እጅ የገባው አይደለም። የሽያጭ ቁጥር ሲነበብ ይቺን ልዩነት ማየት ደግ ነው፤ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃም «ተሸጠ» ይባላልና።

ከዚያ ማይክሮሶፍት የሠራው ስህተት ለእኛም ነጋዴ ትምህርት ይሆናል። በ2013 ተከታዩን ማሽን ኤክስቦክስ ዋንን ካለ ኪኔክት አልሸጥም ብሎ 499 ዶላር አስከፈለ። ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ ኪኔክቱን አውጥቶ ዋጋውን 399 አደረገ፤ በ2017 ደግሞ ማምረቱን ጭራሽ ተወው። ሰው ያልፈለገውን ዕቃ ከሚፈልገው ጋር አስሮ መሸጥ የሚያዋጣው እስኪያወዳድር ድረስ ብቻ ነው። ኒንቴንዶም ቢሆን አልቀናውም፤ የዊ ተከታይ የሆነው ዊ ዩ 13.56 ሚሊዮን ላይ ቆመ። በ2017 የወጣው ስዊች ግን እንቅስቃሴውን ዋና ነገር ሳያደርገው እንደ አንድ ተጨማሪ ጥቅም ይዞት መጣ፤ ከ150 ሚሊዮንም አለፈ። ባጭሩ ካሜራው ተሸነፈ፣ በእጅ የሚያዘው አሸነፈ። የተሸነፈበት ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ በእጥፍ ይብሳል፤ ቦታና ብርሃን ነው።

ኪኔክትን እንመልከት። የኤክስቦክስ 360ው ኪኔክት በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነጠብጣብ ክፍሉ ላይ ይበትንና ነጠብጣቡ የተዛባበትን አይቶ ሰውነትን ይለያል። ለአንድ ተጫዋች 1.8 ሜትር፣ ለሁለት 2.4 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋል። ካሜራው ከወለል ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.8 ሜትር ባለው ከፍታ መቀመጥ አለበት። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሶፋው፣ ቡፌውና የቡና ጠረጴዛው ከገቡ በኋላ 2.4 ሜትር ባዶ ወለል ከየት ይመጣል? ሶፋውን በረንዳ ካላወጡት አይገኝም። ፀሐይም አለች፤ የፀሐይ ብርሃን ውስጥም ኢንፍራሬድ ስላለ በመስኮት የሚገባው ጨረር ነጠብጣቡን ያጠፋዋል። በክረምት ደመና ሲሸፍን የሠራ ኪኔክት በጥቅምት ፀሐይ «ተበላሸ» ተብሎ ወደ ጥገና የሚመጣው ለዚህ ነው። መጋረጃ መዝጋት ብቻ ይበቃዋል። ልብስም ያሳስተዋል፤ ጋቢ ወይም ሰፊ ቀሚስ ለለበሰ ሰው ክንድና እግሩ አይለይለትም። ሁለት ኪኔክት በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያማረው ጌም ቤት ካለ ደግሞ የአንዱ ነጠብጣብ በሌላው ላይ እየወደቀ ሁለቱም ይደናገራሉ።

ሌላው የኪኔክት ወጥመድ ገመዱ ነው። ቀጭኖቹ የ360 ሞዴሎች ጀርባቸው ላይ ለኪኔክት ብቻ የተሠራ ቀዳዳ አላቸው፤ ኃይሉም በዚያው ይገባል። የመጀመሪያው ወፍራሙ 360 ይህ የለውም፤ በዩኤስቢ ተሰክቶ ለብቻው ከግድግዳ ኃይል የሚስብ ሹካ ገመድ ያስፈልገዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ በመጀመሪያ የሚጠፋው ይሄው ገመድ ነው። የኤክስቦክስ ዋኑ ኪኔክት በኋለኞቹ ዋን ኤስ እና ዋን ኤክስ ማሽኖች ላይ እንዲሠራ የሚያስፈልገው አዳፕተርም መመረት ካቆመ ቆይቷል። ገመዱ ያልተሟላ ኪኔክት በነፃም ቢሰጥ አትውሰዱት የምንለው ለዚህ ነው።

ሙቭን በአጭሩ እንለፈው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ካሜራው የኳሱን መጠን አይቶ ርቀቱን ያሰላል። ዕዳው ግን ይበዛል። ካሜራው ለብቻ ይገዛል፤ የፕሌይስቴሽን 3ቱ ለ4 አይሆንም። ውስጡ ያለው ባትሪ ለዓመታት ቻርጅ ሳይደረግ ከተቀመጠ አልነሳ ይላል። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ለራሱ ጌሞች አይፈልገውም። ፕሌይስቴሽን ኖሮት ለጭፈራ ጌም ብቻ ሙቭ የሚያፈላልግ ሰው ገንዘቡን ቢይዝ ይሻላል፤ ጀስት ዳንስ ስልክን እንደ ጆይስቲክ አድርጎ በእጅ ይዞ መጫወት ያስችላል።

ዊ ግን ሌላ ነገር ነው። አሁንም በርካሽ ተገኝቶ ቤተሰብ የሚያስቅ ዕቃ ነው፤ ሲገዛ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ። ቀዳሚው ኃይሉ ነው። የአሜሪካው የዊ ቻርጀር 120 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበለው። እኛ ጋ ያለው 220 ነው። በቀጥታ የሰካው ሰው ጭስ ካላየ ዕድለኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ፊውዝ ይሄዳል፣ ማሽኑ ራሱ ይተርፋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ጥቁሩን ሣጥን ገልብጡና ግቤት የሚለውን መስመር አንብቡ። 120 ብቻ ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በ220 የሚሠራውን የአውሮፓ ቻርጀር መፈለግ ነው፤ የሚያወጣው ያው 12 ቮልት፣ 3.7 አምፔር ነው፣ ሶኬቱም አንድ ነው። ሁለተኛው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስ ነው። ለዊ 100 ዋት ያለው ይበቃል። ለወፍራሙ 360 ግን አይበቃም፤ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ቻርጀር 203 ዋት ስለሚያወጣ 300 ዋትና ከዚያ በላይ ይያዝ። ከዚህ ያነሰ ትራንስ እያጉረመረመ ይግልና ጌሙ በደመቀበት ሰዓት ይጠፋል። ስታቢላይዘር አለኝ ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ጀርባው ላይ 110 የሚል ለብቻው የተሠራ ሶኬት ከሌለው በስተቀር 220ውን ያስተካክላል እንጂ አያወርድም።

ከዚያ ሴንሰር ባር የሚባለው ቲቪው ላይ የሚቀመጠው ቀጭን ዘንግ ይመጣል። ስሙ ያሳስታል፤ ምንም አይለካም። በግራና በቀኝ ጫፉ የኢንፍራሬድ አምፖሎች ብቻ ናቸው ያሉት። የሚያየው ጆይስቲኩ ነው፤ ግንባሩ ላይ ባለችው ጥቁር መስተዋት ጀርባ ካሜራ አለ፣ ሁለቱን የብርሃን ነጥቦች አይቶ ወዴት እንደተጠቆመ ያሰላል። ዘንጉ መሥራቱን ለማወቅ ማሽኑን አብርታችሁ በስልክ ካሜራ ጫፎቹን ተመልከቱ፤ ሐምራዊ ወይም ነጭ ብርሃን ከታየ ደህና ነው። አንዳንድ አዲስ ስልክ የኋላው ካሜራ ኢንፍራሬድ ስለሚያጣራ በፊተኛው ሞክሩ። ገመዱ ተበጥሶ ከሆነና አዲስ እስኪገኝ መታገስ ካልተቻለ፣ ሁለት ሻማ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቆ ቲቪው ፊት ቢያበሩ ጆይስቲኩ ያያቸዋል። ቀልድ አይደለም፣ ይሠራል፤ ልጆች ባሉበት ክፍል ግን አናበረታታውም። ነገሩን ሲገለብጡት ደግሞ አንድ የቤታችን ችግር ይገለጣል። ቡፌው አጠገብ ቡና እየተፈላ ከሆነ የምድጃው ፍም ለጆይስቲኩ ሦስተኛ መብራት ነው፤ ጠቋሚው ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልጁም «ተበላሸ» ይላል። ምድጃውን ወደ ጎን ማራቅ ነው መፍትሔው።

የዊ ጆይስቲክ ሁለት ተራ ድንጋይ ይበላል። ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ከማለቁ ሌላ ያፈሳል። ለወራት የተቀመጠ ጆይስቲክ ሲከፈት ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ሽቦው ላይ ከተገኘ፣ የጆሮ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ነክሮ እስኪለቅ ማሸት፣ ቀጥሎ በአልኮል ማጽዳትና ማድረቅ ነው። ድንጋዩ አልካላይን ከሆነ አሲዱ ነው የሚያስለቅቀው፤ ውኃ ዝገቱን ያባብሳል። የድንጋዩ መክደኛ ሥር ያለችውን ቀይ ቁልፍና ማሽኑ ፊት ለፊት ያለችውን ቀይ ቁልፍ ተከታትሎ በመጫን ጆይስቲኩና ማሽኑ እንዲተዋወቁ ይደረጋል። አራቱ ሰማያዊ መብራቶች ሲብለጨለጩ ቆይተው አንዷ ብቻ ቀርታ ከበራች ተገናኝተዋል። ሲዲዎቹ በክልል የተቆለፉ ናቸው፤ የአውሮፓ ጌም በአሜሪካ ማሽን አይነበብም። ጌም ከኢንተርኔት የሚገዛበት መደብርም በጥር 2019 ተዘግቷል። ስለዚህ ዊ የሚገዛ ሰው ከነሲዲው ይግዛ።

ስለ ምስሉ ደግሞ፤ አዳዲስ ቲቪዎች ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ እየተዉ ነው። ዊን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይር ትንሽ አዳፕተር አለች፣ ትሠራለች። ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ሲያሰላስል ግን ይዘገያል። ራኬቱ ከተወዛወዘ በኋላ ኳሱ ዘግይቶ ከተመታ ጥፋቱ የጆይስቲኩ አይደለም፤ የቲቪውን ምስል ማስተካከያ ወደ «ጌም» አድርጉት።

እንግዲህ የወደፊቱ ሽያጭ የት ነው ቢባል፣ እኛ ስዊች ላይ ነው እንላለን። ምክንያቱ ጌሙ ስላማረ ብቻ አይደለም። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ትራንስ የለም። ጌሙ በክልል አልተቆለፈም፣ ከዱባይም ከአሜሪካም የመጣ ካርድ ይነበባል። መብራት ሲሄድ ቲቪው ይጠፋል እንጂ ማሽኑ አይጠፋም፤ የ2017ቱ ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት፣ ከ2019 በኋላ የተሻሻለው ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት በባትሪው ይቆያል። ከማስቀመጫው ይነሳና ጠረጴዛ ላይ በእግሩ ቆሞ ጨዋታው ይቀጥላል። ጆይኮን የሚባሉት ሁለቱ ትናንሽ ጆይስቲኮች እንቅስቃሴን በውስጣቸው ስለሚለኩ ካሜራም ዘንግም አይፈልጉም። ከፀሐይ፣ ከፍምና ከጋቢ ጋር ጠብ የላቸውም። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ባዶ ወለል ለአንድ ሰው ይበቃል።

ወጥመዱ ስዊች ላይት ነው። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል፤ ቲቪ ላይ ግን አይሰካም፣ ጆይስቲኩም አይነቀልም። ቆሞ መጫወት ለሚፈልግ ቤተሰብ ላይትን መሸጥ ማታለል ነው። በ2025 የወጣው ስዊች 2 ሲወጣ ዋጋው 449.99 ዶላር ነበር፤ በዋጋ ቀነስ ብሎ የሚገኘው የጃፓን ገበያው ግን ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የለውም። ባለ ቀለበቷ የስፖርት ጌም፣ ሪንግ ፊት፣ ቀለበቷ ላይ የሚገባው የአሮጌው ስዊች ጆይኮን ብቻ ነው፤ የአዲሱ አይገጥምም። ይቺን ጌም ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው እንመርጣታለን። ድምፅ መቀነሻ አላት፤ ሩጫውን ቁጢጥ ብሎ በመነሳት ትተካዋለች፣ ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ አይደበድብም።

ጆይኮን የታወቀ በሽታ አለው። እጅ ሳይነካው ሥዕሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ዱላው ሥር ያለው የካርቦን ንጣፍ ተፍቆ፣ አቧራ ሲገባበት ነው። ነፋ ነፋ አድርጎ ማጽዳት ለሳምንት ያድናል፤ የሚያዛልቀው ዱላውን መቀየር ነው። የጀርባው አራት ብሎኖች ባለ ሦስት ጥርስ መፍቻ ይፈልጋሉ፤ በተራ መፍቻ የሞከረ ሰው ጥርሱን አሟልጦት ይመጣል። ሲከፈት እንደ መጽሐፍ ቀስ ተብሎ ነው፣ ሁለቱን ወገን የሚያያይዝ ቀጭን ሪባን አለ። ባትሪው አስቀድሞ ይነቀላል። ዱላው በሁለት ብሎን ተይዟል፤ ሪባኑ ከመሳቡ በፊት መቆለፊያው በጥፍር ቀና ይደረጋል። ሳይከፍቱት የሳቡት እንደሆነ ቦርዱ ላይ ያለው ማያያዣ ይነቀላል፤ ያኔ ሥራው የብየዳ ነው፣ ዋጋውም ሌላ። በማግኔት የሚሠሩ ዱላዎችም ገበያ ላይ አሉ፤ የሚፋተግ ንጣፍ ስለሌላቸው ቢወደዱም ያዋጣሉ። የእጅ ማሰሪያውን ገልብጦ ማስገባትም የተለመደ ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹ ካልተጣጣሙ ይገባል፣ አይወጣም።

ማሰሪያ ካነሳን፤ ኒንቴንዶ በታኅሣሥ 2006 የዊን ማሰሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል በነፃ ለመቀየር ተገዷል፤ ገመዱ 0.6 ሚሊ ሜትር ስለነበር እየተበጠሰ ጆይስቲኩ ቲቪ ይሰብር ነበር። በኋላ 1 ሚሊ ሜትር አደረገው። ያገለገለ ዊ ሲገዛ ማሰሪያውን ጎትቶ ማየት፣ ላብ ያለው እጅ ደግሞ ሳይደርቅ አለማስያዝ።

ገበያውን በብር እንየው። 300 ዶላር የሚያወጣ ማሽን፣ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 (በኛው) በፊት በባንክ ዋጋ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዶላር 120 ብር ሲደርስ ያው ማሽን 36 ሺህ ሆነ፤ ቀረጥ፣ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይነካው ማለት ነው። ስለዚህ በየቤቱ ይገባል ብለን አናልም። ጌም ቤቶችም ቢሆኑ በቀላሉ አያነሱትም። ሂሳቡን ብንሠራው፣ ኳስ ለሚጫወቱ ሁለት ሰዎች አግዳሚና ቲቪ ቢበዛ 1.2 በ1.5 ሜትር፣ ማለትም 1.8 ካሬ ይበቃቸዋል። ለሚወዛወዙ ሁለት ሰዎች 2.5 በ3 ሜትር፣ 7.5 ካሬ ያስፈልጋል። በአንዱ የእንቅስቃሴ ጌም ቦታ አራት የኳስ ጌም ይገባል። መሃል ከተማ በካሬ ኪራይ የሚከፍል ሰው በምን ሂሳብ ኳሱን ይነቅላል? ያውም ደንበኛው ከኳስ ሌላ ሳይጠይቅ።

የሚያዋጣው ቦታው አስቀድሞ ባለበት ነው። የልጆች ልደት የሚያከብሩ ካፌዎች፣ ክረምት ላይ አዳራሻቸው ባዶ የሚውል ትምህርት ቤቶች፣ የስፖርት ቤቶች ጥግ፣ የእንግዳ ማረፊያዎች። የስዊች የቦውሊንግ ጌም አንድ ጆይኮን እየተቀባበሉ አራት ሰው ያጫውታል፤ ስለዚህ ሂሳቡ በሰዓት እንጂ በጨዋታ ባይሆን ይመረጣል። ወለሉ ላይ በቀለም ፕላስተር የእያንዳንዱ ተጫዋች ሣጥን ይሰመር፤ ክንድ ተዘርግቶ ሌላውን እንዳይነካ በመካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ይተው። ሴራሚክ ወለል ላይ በካልሲ መጫወት ይከልከል፤ ባዶ እግር ወይም ጫማ። መለዋወጫ ጆይኮን አንድ ጥንድ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ይሁን።

ከዊ ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስሉ፣ ራኬትና «ብዙ መቶ ጌም» ያላቸው ማሽኖችም መርካቶ ውስጥ አይጠፉም። ብዙዎቹ ራኬታቸው ውስጥ ያለው መወዛወዝን ብቻ የሚያውቅ ቀላል ነገር ነው፤ ቀኝም ምቱ ግራ፣ ቀስም በሉ ፍጠኑ፣ ለእሱ አንድ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ እጃችሁን በጣም በዝግታ አንቀሳቅሱት። ስክሪኑ ላይ ያለው ክንድ አብሮ በዝግታ ካልሄደ ተዉት።

ለሱቆቹ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ዋጋ በሚለጠፍበት ወረቀት ላይ የሞዴሉ ቁጥር፣ ቻርጀሩ የሚቀበለው ቮልትና የሚያስፈልገው ባዶ ወለል በሜትር ይጻፍ። ገዢም ሱቅ ከመሄዱ በፊት ከቲቪው እስከ ሶፋው ያለውን በሜትር ለክቶ፣ የቲቪውን ጀርባ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር
የጌም ማሽን ጠጋኞችና ሻጮች
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ